በፎርክሊፍት ጀርባ ላይ ስለተቀመጠው ሰው፦ ለዋና ተቆጣጣሪው የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የሥራ ቦታ ደኅንነት ዋና ተቆጣጣሪ
ሱቫ

የተከበሩ ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎና መላው ቤተሰብዎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሁለቱም እግሮችዎ፣ በሙሉ ጤንነት ላይ እንዲገኙ ከልቤ እመኛለሁ። በዓመቱ መጀመሪያ ላይ ለሥልጠና ቦታችን ስለላኩልን ባለቀለም የቀን መቁጠሪያም ምስጋናዬን አስቀድሜ አቀርባለሁ፤ ወረቀቱ ወፍራም፣ ሥዕሎቹ ጥርት ያሉ ናቸው። ወደዚያ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሳዳሲቫን ጎውንደር እባላለሁ። ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ሱቫ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ምሕንድስና ከተማርኩ በኋላ ላለፉት አሥራ ዘጠኝ ዓመታት እዚህ ላውቶካ ውስጥ፣ የእርስዎ ጽሕፈት ቤት በሰጠኝ ፈቃድ፣ የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ነጂዎችን ሳሠለጥንና ስፈትን ኖሬያለሁ። በወደቡ አካባቢ ፎርክሊፍት የሚነዳ ሰው ካጋጠመዎ ወይ እኔ ያሳለፍኩት ነው፣ ወይ እኔ ጥዬው ዳግመኛ ተፈትኖ ያለፈ ነው። ባዶ መታጠፊያ ላይ ጡሩምባ ስላልነፋ ብቻ የአምስት ልጆች አባት ጥያለሁ። መስተዋቱን በእጅጌው ስለጠረገ ሌላውን ጥያለሁ። ሰዎች ከኋላዬ የሚሉኝን አውቃለሁ፤ አልተከፋሁበትም፣ እንዲያውም እኮራበት ነበር።

ጉዳዩን በጋዜጣ ማውጣቴ ድፍረት መስሎ ከታየዎ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ባለፈው ወር በዝግ ክፍል ውስጥ፣ ለላኩልን መርማሪ የተናገርኩት ነገር አለ፤ ያንን እንደገና በዝግ ክፍል ማቃናት የሚበቃ ስላልመሰለኝ ነው።

የሆነውን በአጭሩ ላስታውስዎ። አውሎ ነፋሱ ካለፈ በሁለተኛው ሳምንት፣ ጣሪያ ለተወሰደባቸው ደሴቶች ቆርቆሮ የሚያደርሰው መርከብ እኩለ ቀን ላይ ሊነሣ ነበር። የመጋዘኑ ፎርክሊፍት የተሠራው ሁለት ቶን ተኩል እንዲያነሣ ነው፤ የቆርቆሮው እስር ግን ሦስት ቶን ነበር። እንዲህ ያለ ሸክም ሲነሣ የፎርክሊፍቱ የኋላ ጎማዎች ከመሬት ይለቃሉ፤ ስለዚህ በመጋዘኑ ልማድ አንድ ከባድ ሰው ጀርባው ላይ ይቀመጥና ሚዛኑን ያስተካክላል። ይህ ሰው ኔማኒ የተባለ የመቶ ሠላሳ ኪሎ ጫኝ ነው። «ጆንያውን ጥሩት» ሲባል እየሳቀ ይመጣ ነበር። በዚያን ቀንም ተጠርቶ መጣ፣ ተቀመጠ። ነጂው ሴቫናያ ሸክሙን አንሥቶ የውኃ መውረጃውን የብረት ክዳን ሲሻገር እስሩ ከሹካዎቹ ላይ ተንሸራትቶ ወደቀ፤ ከፍ ብሎ የነበረው የፎርክሊፍቱ ጀርባ በአንድ ጊዜ መሬት መታ፤ ኔማኒ ተወርውሮ ወደቀ፤ የኋላው ጎማም በቀኝ እግሩ ላይ አለፈ። ሐኪሞቹ እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆርጠውታል።

መርማሪዎ ባቀረቡት ሪፖርት መሠረት ጥፋቱ በሙሉ የነጂው ነው። እርስዎ የሚመሩት ጉባኤ የፊታችን ሰኞ፣ በወሩ የመጀመሪያ ቀን፣ ይህንን ሪፖርት ካጸደቀ ሴቫናያ ፈቃዱን ለዘለዓለም ያጣል፣ ጉዳዩም ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል፤ ኔማኒም «በራሱ ፈቃድ የወጣ» ተብሎ ስለተመዘገበ ካሳ መጠየቅ አይችልም። ስለዚህ ጊዜዎን ላለማባከን ምስጋናዎቼንና ጥቂት ቅሬታዎቼን በቁጥር እዘረዝራለሁ፤ በቁጥር ያልተጻፈ ነገር ጽሕፈት ቤትዎ እንደማያነብ ከልምድ አውቃለሁና።

አንደኛ፤ በመጋዘኑ ግድግዳ ላይ ስለተሰቀለው የደኅንነት ደንብ አመሰግናለሁ። ሰማንያ አራት አንቀጾች አሉት፤ ሁሉም በእንግሊዝኛ፣ ሁሉም በአንድ ሰሌዳ ላይ፣ ፊደሉም የሩዝ ፍሬ ያክላል። ከፊቱ የዱቄት ጆንያ ስለሚደረደር ከአሥር ዓመት ወዲህ ያነበበው ሰው የለም። አደጋው በደረሰ ማግሥት የመጡት መርማሪ ጆንያው እንዲነሣ አድርገው የሰሌዳውን ከፍታ በሜትር ለኩት፤ በአራት ሳንቲሜትር ዝቅ ብሎ ስለተገኘም ለመጋዘኑ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። ሰሌዳው አሁን በትክክለኛው ከፍታ ላይ ተሰቅሏል። ጆንያዎቹም ወደ ቦታቸው ተመልሰዋል።

ሁለተኛ፤ እርስዎ የዚህ አገር ልጅ ስለሆኑ ታውቩ ምን እንደሆነ ለእርስዎ ማስረዳት ብልግና ይሆንብኛል፤ ሆኖም መርማሪዎ ሱቫ ውስጥ ረስተውት የመጡ ይመስለኛል። የሴቫናያ መንደርና የኔማኒ መንደር ከአንድ የጥንት አባት የወጡ ናቸው ተብሎ ይታመናል፤ ስለዚህ ሁለቱ ታውቩ ናቸው። ይህም ማለት አንዱ የሌላውን ኮፍያ ነጥቆ ሊሄድ፣ ምሳውን ሊበላበት፣ በሰው ፊት ሊሰድበው ይችላል፤ ሌላው ደግሞ መቆጣት አይችልም ማለት ነው። እነዚህ ሁለት ሰዎች አሥራ አንድ ዓመት አብረው ሲሠሩ አንድም ቀን ሳይሰዳደቡ ሥራ ጀምረው አያውቁም። አምስት ምስክሮች በዚያን ቀን የሰሙትን በአንድ ቃል ለመርማሪዎ ተናግረዋል።

ሴቫናያ ከመንቀሳቀሱ በፊት «ውረድ አንተ ዓሣ ሌባ፣ ዛሬ አልፈልግህም፤ ሸክሙ አላማረኝም» አለ።

ኔማኒ «የት ልውረድ? ይሄ የአያቴ ወንበር ነው፤ ያንተ አያት ነው ለኔ አያት የሰጠው» አለው።

«ኔማኒ፣ የምሬን ነው።»

«የምርህን? ታውቩ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የምር ያለው? ንዳ ባክህ፣ መርከቡ ሊሄድ ነው።»

«ውረድ ብያለሁ፤ ትሞታለህ።»

«ከሞትኩ የዓሣውን ጭንቅላት አንተ ትወርሳለህ፤ ምን ጎደለብህ?»

በዚህ ጊዜ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። ሴቫናያም ሳቀ፤ በታውቩ ፊት አለመሳቅ ነውር ነውና። ደንቡ ነጂው «ግልጽ በሆነ ቋንቋ እንዲያስጠነቅቅ» ያዝዛል። ሴቫናያ ሦስት ጊዜ በግልጽ ቋንቋ አስጠንቅቋል፤ ችግሩ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲቀልድበት የኖረ ቋንቋ መሆኑ ነው። መርማሪዎ ግን በሪፖርቱ አርባ ሁለተኛ መስመር ላይ «ማስጠንቀቂያ አልተሰጠም፤ ቀልድ ተደርጓል» ብለው ስለጻፉ የቋንቋቸውን አጭርነት አደንቃለሁ።

ሦስተኛ፤ የሴቫናያ ዘመዶች በሳምንቱ የዓሣ ነባሪ ጥርስና ለመጠጥ የሚወቀጥ የያንጎና ሥር ይዘው ወደ ኔማኒ ቤተሰብ ዘንድ ሄዱ፣ ምንጣፍ ላይ አንገታቸውን ደፍተው ይቅርታ ጠየቁ፤ የኔማኒ አጎትም ጥርሱን ተቀብሎ ይቅር አለ። አባቶቻችን ሁለት ቤተሰብ በአንድ ወደብ ላይ አብሮ መኖር እንዲችል ያበጁት ሥርዓት ነው። አባቶቻችን ያልኩት በትሕትና ነው፤ የእኔ ቅድመ አያቶች ሸንኮራ ሊቆርጡ በመርከብ የመጡ ናቸው፤ ቢሆንም እኔም ለዚህ ሥርዓት ስቀመጥ አድጌያለሁ። መርማሪዎ ይህንን ሥርዓት «የጥፋተኝነት የእምነት ቃል፣ ማስረጃ ቁጥር ሰባት» ብለው መዝግበውታል። ወደፊት በዚህ አገር ሰው ይቅርታ ከመጠየቁ በፊት ጠበቃ እንዲያማክር የሚያሳስብ ሰሌዳ ቢያዘጋጁልን፣ ከፍታውን በጥንቃቄ ለክተን እንሰቅለዋለን።

አራተኛ፤ ዓመታዊ ጉብኝትዎን ከሦስት ሳምንት በፊት በደብዳቤ ስለሚያሳውቁን አመሰግናለሁ። ለጉብኝቱ የምንቀባው ቀለም እንዲደርቅ በቂ ጊዜ ነው።

አምስተኛው ቅሬታዬ ከሁሉም ይከብዳል፤ ስለራሴ ነውና ትዕግሥትዎን እለምናለሁ። በሪፖርቱ የመጨረሻ ገጽ ላይ «ሥልጠናው እንከን አልተገኘበትም፤ አሠልጣኙ በጥብቅነታቸው የታወቁ ናቸው» የሚል ዐረፍተ ነገር አለ። የተከበሩ ሆይ፣ አቤቱታዬ ይህንን ማመንዎ ላይ ነው።

አሠልጣኙን የጠየቀው የለም ማለቴ አይደለም። መርማሪዎ ቢሮዬ ድረስ መጥተው ሻይ እየጠጡ የሴቫናያን የፈተና ቅጽ ገለጡና «አሥራ ዘጠነኛው ሳጥን፣ ከአቅም በላይ የሆነ ሸክምን አልቀበልም ማለት ይችላል የሚለው፣ ምልክት ተደርጎበታል። በዐይንዎ አይተዋል?» ብለው ጠየቁኝ። «አይቻለሁ» አልኩ። ውሸት አልነበረም፤ የከፋው ይኸው ነው።

ባለፈው ዓመት፣ ሴቫናያ በተፈተነበት ቀን፣ እርስዎ ራስዎ ምስክር ወረቀት ሊሰጡ ከሱቫ መጥተው እንደነበር ያስታውሳሉ። አንገትዎ ላይ የአበባ ጉንጉን አጥልቀን በዳሱ ጥላ ሥር አስቀምጠንዎት ነበር። ከአሥራ አራቱ ተፈታኞች የቀረው እሱ ብቻ ነበር፤ የቀረው ፈተናም የከባድ ሸክም ፈተና ነው። ከመጋዘኑ የተዋስነውን የብረት እስር ያመጣልን ኔማኒ ነበር፤ የመጣውም እስሩን ለማድረስ ብቻ ሳይሆን ታውቩው ሲወድቅ አይቶ ዓመቱን ሙሉ ሊስቅበት ነበር። ሴቫናያ ሹካዎቹን አስገባ፣ በትንሹ አነሣ፣ የኋላ ጎማዎቹ መልቀቃቸው ተሰማው፣ ወዲያውኑ አወረደው። ሞተሩን አጠፋና «ማስተር፣ ይሄ ፎርክሊፍቱ የሚችለው ሸክም አይደለም» አለኝ።

ትክክለኛው መልስ ያ ነበር። በዚያች ደቂቃ ፈተናውን አልፎ ነበር፤ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት ተፈታኞቼ ውስጥ ያንን መልስ ሳይነገራቸው የመለሱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እኔ ግን ወደ ዳሱ ተመለከትኩ። ምሳዎ ቀርቦ ነበር፤ ፎቶ አንሺዎ ሸክሙ ከፍ ብሎ እንዲታይለት እየጠበቀ ነበር፤ አስተናጋጁም ሰዓቱን እያየ ነበር። እስሩን የሚያቀልልኝ ነገር አጠገቤ አልነበረም፤ ያለኝ መቶ ሠላሳ ኪሎ ሰው ነበር። «ኔማኒ፣ እስቲ ጀርባው ላይ ተቀመጥ፣ ለዛሬ ብቻ» አልኩ። ሴቫናያ «ማስተር?» አለኝ። እኔም «እንግዶች እየጠበቁ ነው፤ አንሣ» አልኩት።

አነሣ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ እርስዎም አጨበጨቡ። ከዚያ ቅጹን አውጥቼ፣ ሸክሙን እንዲቀበል ላስገደድኩት ሰው፣ ሸክም አልቀበልም ማለት ይችላል በሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደረግሁለት። የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ሌላ ሰው ቀበቶውን በሁለት ሰከንድ ዘግይቶ ስላሰረ በደብዳቤ ወቅሼዋለሁ።

ከዚያን ቀን በፊት በመጋዘኑ ፎርክሊፍት ጀርባ ላይ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። አጣርቻለሁ። «የመጋዘኑ ልማድ» ብዬ ከላይ የጻፍኩት ልማድ ዕድሜው ሰባት ወር ነው፤ አባቱም እኔ ነኝ።

ሆስፒታል ስሄድ ኔማኒ በትራስ ተደግፎ ነበር። ሲያየኝ «ማስተር፣ ሊፈትኑኝ መጡ? ጡሩምባዬን ነፍቼ ነበር እኮ» አለኝ። ከዚያ የዚያን ቀኑን ወሬ እየሳቀ ሲያወራልኝ፣ ምስክሮቹ ቀልድ ነው ብለው ለመርማሪዎ ያልነገሩትን፣ ወይም ነግረዋቸው መርማሪዎ ያልጻፉትን አንድ ዐረፍተ ነገር ሰማሁ። ሴቫናያ ለሦስተኛ ጊዜ ውረድ ሲለው ኔማኒ ከዓሣው ጭንቅላት በፊት የመለሰው «እዚህ ያስቀመጠኝ ማስተር ራሱ ነው፤ አንተ ከማስተር በለጥክ?» ብሎ ነበር።

ሴቫናያ ማታ ማታ ይመጣል። የተቀቀለ ካሳቫና ዓሣ ያመጣል፤ የዓሣውን ጭንቅላት፣ አሥራ አንድ ዓመት ሲነጣጠቁት የኖሩትን፣ በጥንቃቄ ነጥሎ ለኔማኒ ያስቀምጥለታል፤ «ይብሉ» ይለዋል፤ አልጋው ግርጌ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል። ኔማኒ ሊያስቀው ያልሞከረው የለም። «እግሬን በላህ፣ አሁን ደግሞ ስድቤን ልትበላብኝ ነው?» ሲለው ሰምቻለሁ። ሴቫናያ ሳህኑን ሰብስቦ ተነሣ። ሲወጣ ኔማኒ ወደ እኔ ዞሮ «ማስተር፣ እግሩስ ይሁን። ይሄ ሰውዬ ግን እንደ ቄስ ሆነብኝ። አንድ ቀን እንኳ አንካሳ ብሎ ቢሰድበኝ እድን ነበር። እርስዎን ይሰማል፣ እባክዎ ይንገሩልኝ» አለኝ።

በኮሪደሩ ደረስኩበት። ልነግረው የተላክሁትን ትቼ «ለምን አልነገርካቸውም?» አልኩት።

«ምኑን?»

«እኔ እንዳስቀመጥኩት።»

«ማስተር፣ እርስዎ አንድ ቀን ነው ያሉት። ሰባት ወር የነዳሁት እኔ ነኝ» አለኝ።

የተከበሩ ሆይ፣ ይህንን ስሰማ እፎይ አልኩ። ወደ ቤቴ በእግሬ፣ በሁለት እግሬ፣ እየሄድኩ ቀለል አለኝ። እራቴን በልቼ ተኛሁ። አንድ ሰው ጥፋቴን ተሸክሞልኝ፣ ቤተሰቡ በእኔ ቦታ ምንጣፍ ላይ አንገቱን ደፍቶልኝ፣ እኔ ሦስት ሳምንት በደንብ ተኝቻለሁ። ተፈታኞቼን ሁሉ ሳስተምር ከምደጋግማቸው ነገሮች አንዱ ከባድ ሸክም ሲቀል ደስ አይበላችሁ፣ መጀመሪያ ማን እንደተሸከመው እዩ የሚል ነው።

ስለዚህ በታላቅ አክብሮት የምለምነው ይህ ነው። ሴቫናያ በፈተናው ቀን ትክክለኛውን ነገር ማድረጉን፣ የከለከለውም መምህሩ መሆኑን መዝገቡ ላይ ጻፉለት። ኔማኒ በራሱ ፈቃድ ሳይሆን በፈታኝ ትእዛዝ ወደዚያ ጀርባ የወጣ ሰው መሆኑን ጻፉለት። እኔ ያሳለፍኳቸውን ነጂዎች በሙሉ አሥራ ዘጠነኛውን ሳጥን እንደገና ፈትኗቸው፤ ፈታኙ ግን ሌላ ይሁን። የእኔን ፈቃድ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ፤ በፊት ገጹ ላይ ያለው ፊርማ የእርስዎ ስለሆነ እንዳይጠፋ በአደራ ደብዳቤ አድርጌዋለሁ። በመሐላ የሰጠሁት ቃልም አብሮ አለ። ሰኞ በጉባኤው በር ላይ እገኛለሁ፤ ካልጠራችሁኝም እዚያው እቆማለሁ።

እሑድ ወደ ኔማኒ አጎት ቤት የያንጎና ሥር ይዤ እሄዳለሁ። የምናገረውን አንዴ በወረቀት ጻፍኩት፣ አሳምሬ፣ በቁጥር፤ ከዚያ ቀደድኩት። ይህም «ማስረጃ ቁጥር ስምንት» ተብሎ እንዲመዘገብልኝ አስቀድሜ ፈቅጃለሁ።

ለጽሕፈት ቤትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለሰሌዳዎችዎ ትክክለኛ ከፍታ፣ ለምሳ ሰዓትዎም ከመዘግየት መጠበቅን እየተመኘሁ፣ ለእርስዎ ጭብጨባ ሲል አንድ ሰው በብረት ጀርባ ላይ ያስቀመጠ፣ እስከ ሰኞ ድረስ በጥብቅነቱ የታወቀ አገልጋይዎ፣

ሳዳሲቫን ጎውንደር
ላውቶካ

ድኅረ ጽሑፍ፤ ጉባኤው የቃሌን እውነትነት የሚያረጋግጥ ማስረጃ እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። ፎቶ አንሺዎ በዚያን ቀን ያነሣውን ሥዕል ጽሕፈት ቤትዎ «ደኅንነት ከሥልጠና ይጀምራል» ከሚል ጽሑፍ ጋር በዘንድሮው የቀን መቁጠሪያ ስድስተኛ ገጽ ላይ አትሞታል። እርስዎ ለሴቫናያ ምስክር ወረቀት እየሰጡ፣ እኔ በኩራት ከጎንዎ ቆሜ፣ ከኋላችን ደግሞ ኔማኒ በፎርክሊፍቱ ጀርባ ላይ ሁለቱንም እግሮቹን አንጠልጥሎ ይታያል። ሥዕሉ ሲደርሰኝ ለባለቤቴ አሳይቻለሁ፤ ሁለታችንም ያየነው እኔን ነው። የጉባኤው አዳራሽ ግድግዳ ላይም ይኸው የቀን መቁጠሪያ ከወንበርዎ በላይ መሰቀሉን አስተውያለሁ። ሰኞ ስድስተኛው ወር ይገባል፤ ጉባኤው ከመጀመሩ በፊት ገጹን መገልበጥ እንዳይረሱ።